ስለ ሐይቅ ድንጋያማ ዳርቻ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የመሬት፣ የቅርስና የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች
እንዲሁም፦ ለወሎ ሕዝብና ሐይቅን ለሚወድ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከዳርቻው ድንጋይ መጫን እንዲቆምና የተዘጋው መንገድ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እኛ በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ በሚባለው ውኃ ዳር የምንኖር ዓሣ አጥማጆች፣ ታንኳ ቀዛፊዎችና የአካባቢ አስጎብኚዎች ነን። ደብዳቤውን በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድነው በቢሮ በኩል ያቀረብነው አቤቱታ መልስ ስላጣ ነው። ማመልከቻ አስገብተናል። «ነገ ኑ» ተብለናል። በነጋታው ስንሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። እኛ ስንመላለስ ድንጋዩ በሲኖትራክ እየተጫነ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ራቅ ብሎ፣ አስፋልት የማይደርስበት፣ በእግር ወይም በታንኳ ብቻ የሚኬድበት ድንጋያማ ዳርቻ አለ። ይህ ቦታ ለመዝናኛ ግንባታ ለአንድ ባለሀብት መሰጠቱን ያወቅነው ችካል ሲተከል ነው። ቀጥሎ ሎደር ገባ። መጀመሪያ የፈረሰው የእግር መንገዱ ነው። ከዚያ ትልልቆቹን ጥቁር ድንጋዮች እየነቀሉ መጫን ጀመሩ። «ዳርቻውን ማስተካከል» ይሉታል። የተነቀለው ድንጋይ ግን እዚያው አልቀረም። ከተማ ውስጥ የቤት መሠረትና የግቢ አጥር እየሆነ ነው።

በዝርዝር ወደ ቅሬታችን ከመግባታችን በፊት ስለ ቦታው ትንሽ እንበል። ምክንያቱም ውሳኔውን የፈረሙት ሰዎች እዚያ ዳርቻ ላይ ቆመው አይተውታል ብለን አናምንም።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። ከፍ ብሎ ያለው ሌላው ሐይቅ፣ አርዲቦም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ድሮ የአርዲቦ ትርፍ ውኃ ወደ ሐይቅ ይወርድ ነበር። ዳርቻው ላይ የምናያቸው ጥቁር ድንጋዮች ከእሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው። ከላይ ቁልቋልና ግራር የያዘው ገደል አለ፤ ከታች ድንጋዩ፤ ከዚያ ጥቂት ራቅ ሲል ጥልቅ ውኃ። አሸዋ የለውም። ለመዋኛ የሚመች አይደለም። ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ገደሉ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ድንጋዩን ሲመታ ድምፁ ከላይ ካለው መንደር ድረስ ይሰማል።

እንግዲህ ቅሬታችን።

አንደኛ፣ አልተጠየቅንም። ይህን ስንል አኩርፈን አይደለም፤ የሕግ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3፣ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በዕቅዱም በአፈጻጸሙም ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የሕዝብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ለዚህ ዳርቻ የተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቶ ከሆነ አሳዩን። ለማየት ጠይቀን «ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው» ተባልን። የትኛው ክፍል እንደሆነ የነገረን ግን የለም። ስብሰባ የተጠራው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። እዚያም ላይ የተነገረን «ልማት ነው፤ ተባበሩ» የሚል ነው። እጅ ያወጡ አንድ አዛውንት ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ ሰዓት አልቋል ተባሉ።

ሁለተኛው ቅሬታችን የድንጋዩ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ብለን ብንናገር አትታዘቡን፤ ኑሯችን ነው።

ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) የሚራባው ጥልቀት በሌለው የዳር ውኃ ላይ ነው። አምባዛ ድንጋይ ሥር ይደበቃል። ጫጩቱ ዓሣ ከትልቁ ዓሣና ከወፍ የሚተርፈው በድንጋዮቹ መሃል ባለው ቀዳዳ ነው። ዳርቻውን ስታስተካክሉት ያ መጠለያ ይጠፋል። ደግሞ ድንጋዩ የገደሉ ደጋፊ ነው። እሱ ሲነሳ ሞገዱ በቀጥታ አፈሩን ይበላል። ባለፈው ዝናብ ከተቆፈረው በኩል የወረደው ቀይ ጎርፍ ውኃው ላይ ርቆ ሲዘረጋ ሁላችንም አይተናል። በዚያ በኩል መረብ የጣለ ልጅ ጭቃ ነው የሳበው።

ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ይህን ነገር ደጋግመን ብንለው አይሰለቸንም። የገባ አፈር፣ የገባ ዘይት፣ የገባ ቆሻሻ ታጥቦ የሚሄድበት በር የለም። እዚያው ይቀራል። ውኃው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ደግሞ በዓይናችን አይተናል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ተለቀቀበት። ለእኛ እንጀራ ሆነ፤ ዛሬም ድረስ በተለይ በሁዳዴ ጾም ገበያው የሚደራው በእሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ውኃው ጥርት ብሎ ይታይ እንደነበር አባቶቻችን ይናገራሉ፤ ተመራማሪዎችም መዝግበውታል። ከዚያ በኋላ አረንጓዴ እየሆነ፣ እየደፈረሰ መጣ። በአንድ ውሳኔ የውኃው መልክ ተለወጠ ማለት ነው። ዓሣው ባይለቀቅ ኖሮ እያልን አይደለም። እንዲህ በቀላሉ የሚለወጥ ውኃ ዳር ሎደር ከማስገባት በፊት የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ ነው የምንለው።

ሌላው የማይታያችሁ ነገር፣ ዓሣ አጥማጁ ቦታውን የሚለየው በድንጋዮቹ ነው። መረብ የት እንደሚጣል፣ ነፋስ ሲነሳ የት እንደሚጠለል፣ የትኛው ጋ ታንኳ እንደሚያርፍ ከአባት ወደ ልጅ የሚነገረው በነሱ ምልክት ነው። በወረቀት አልተጻፈም። ድንጋዩ ሲነሳ ዕውቀቱም አብሮ ይነሳል።

ሦስተኛ፣ ቅርስ ማለት ገዳሙ ብቻ ተደርጎ መታየቱ በጣም ያሳስበናል። አንድ ባለሙያ «ገዳሙን ማንም አልነካም፤ ቅርሱ በቦታው ነው» ብሎናል። ይህ አባባል መልካም ሐሳብ ሊኖረው ይችላል። ግን ትክክል አይደለም።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ታሪክ ማንም ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል ብለን እናስባለን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን አቀኑ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተማሩ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት የብራና ወንጌል እስከ ዛሬ ገዳሙ ውስጥ አለ፤ በአገራችን ዘመናቸው ከተመዘገበ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ውኃው ስለነበረ ነው። ቦታው ያኔ ደሴት ነበር። የኢማም አሕመድ ጦር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲደርስ ወደ ደሴቱ ለመግባት መሻገሪያ ማሠራት አስፈልጎታል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ያለፈው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መነኮሳቱ ከፊላ (ከውኃ ዳር ሸምበቆ) በተሠራ ታንኳ ሲመላለሱ እንዳየ፣ ገዳሙም ሎሚና ብርቱካን እንደነበረው ጽፏል። ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ደሴቱ ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። በእግር ይገባል። የውኃው ዳር ምን ያህል እንደሚለዋወጥ፣ መጠበቅም እንደሚያስፈልገው ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

የፊላ ታንኳው ሙያም ገና አልጠፋም። ፊላው የሚበቅለው በድንጋዮቹ መሃል ባለው ረግረግ ነው። አሁን በአጥሩ ውስጥ የገባው አንዱ ይኸው ረግረግ ነው። ታንኳ የሚሠሩ አባት ፊላ ለመቁረጥ ሄደው ጥበቃው መልሷቸዋል። «ፈቃድ አምጡ» አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከቆረጡበት ቦታ ነው ፈቃድ የተጠየቁት። ከማን እንደሚያመጡም የነገራቸው የለም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንለምናለን። ሴት ጎብኚ ወደ ወንዶቹ ገዳም አትገባም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ እናከብረዋለን። ስለዚህ ለሴቶች የሐይቅ ታሪክ የሚነገረው ዳርቻው ላይ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እናቶችና ልጃገረዶች ወንዶቹ ገዳሙን እስኪያዩ እኛ ጋ ይቆያሉ። በድንጋያማው ዳር እናዞራቸዋለን። እዚያ ተቀምጠን ነው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚነገረውን ትውፊት የምንነግራቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች። እግዚአብሔር ተቆጣ። ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት መሬት በስተቀር ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ፤ ልዕልቷም ከነዘመዶቿ ሰመጠች። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ቦታ ዛሬ ገዳሙ ያለበት ነው ይባላል። ይህን ታሪክ ውኃው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሰማ ሰው አይረሳውም። እናቶች ሲሰሙት ዝም ብለው ወደ ማዶ ያያሉ። አሁን ያን ቦታ ቆርቆሮ አጥር ሸፍኖታል። ባለፈው ከሩቅ የመጡ የሴቶች ማኅበር አባላት መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ነው ወንዶቹን የጠበቁት። አፈርን። የእኛን ገቢ ተዉት፤ ሐይቅ ድረስ መጥተው ሐይቅን ሳያዩ ተመለሱ።

አራተኛ፣ የጋራ ቦታ ለአንድ ሰው ሆነ። ወሎ ውስጥ የምንኖረው ተጋርተን ነው። ከእኛ መካከል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ መረቡ አንድ ነው፤ ታንኳውም አንድ ነው። ከዳርቻው በላይ ባለው ዋርካ ሥር አባቶችና ዱበርቲዎች (ለጸሎት የሚሰባሰቡ እናቶች) ተሰብስበው ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ይቀመጡ ነበር። ዝናብ ሲዘገይ ዱዓ የሚደረገው እዚያ ነው። ክርስቲያኑም ቡናውን ይዞ ይመጣል። በጥምቀት ደግሞ ሙስሊሙ ወጣት መንገዱን ይጠርጋል፣ ውኃ ያድላል። እንዲህ ነው ያደግነው። አሁን ዋርካው በችካሉ ውስጥ ነው። ገና አልተቆረጠም። ግን ሥሩ አሸዋና ብሎኬት ተከምሮበታል። ለወዳጃ የመጡ ሰዎች «የግል ይዞታ ነው» ተብለው ተመልሰዋል። እንዲህ ያለው ነገር በደብዳቤ ቁጥርና በካርታ ላይ አይታይም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ቅርስን የሚዳሰስና የማይዳሰስ ብሎ ነው የሚያውቀው። ወዳጃው፣ ትውፊቱ፣ የታንኳው ሙያ የማይዳሰስ ቅርስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አጥሩ የከብት መጠጫውንም ዘግቷል። በዚያ በኩል ያሉ ቤተሰቦች ከብቶቻቸውን ይዘው ገደሉን ዞረው መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣ እናት መንገዷ በእጥፍ ረዝሟል። አንዲት ነፍሰ ጡር እህታችን በአዲሱ ቁልቁለት ላይ ወድቃ እግሯ ተጎድቷል። ልጇም እሷም ደኅና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ቀጣዩ ሰው ደኅና ላይሆን ይችላል።

ስለ ቆሻሻው አናበዛም። የሠራተኞቹ ፕላስቲክ፣ የማሽኑ ዘይት፣ ዳር ላይ የሚታጠበው መኪና፣ ሁሉም ወደ ውኃው ነው። አንድ ቀን መጥታችሁ ብታዩ ይበቃል።

በአንድ ጉዳይ እንዳንጠረጠር ግልጽ እንሁን። ልማት አንጠላም። ሎጅ ይሠራ፤ ደስ ይለናል። ከጦርነቱ በኋላ እንግዳ ጠፍቶብን የከረምን ሰዎች ነን። ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ። ለሎጅ የሚሆን ሜዳ፣ መንገድ የደረሰበት፣ ዓሣ የማይራባበት ቦታ በሐይቅ ዙሪያ አለ። እኛው ራሳችን ዞረን እናሳያለን። እንግዳ እዚህ ድረስ የሚመጣው ዳርቻው እንዲህ ያልተነካ ስለሆነ ነው። ኮንክሪት ለማየትማ ከደሴ መውጣት አያስፈልገውም። ባለሀብቱንም እንደ ጠላት አናይም። ምናልባት እሱም እንደኛ ማንም በደንብ ያልነገረው ሰው ነው። ቦታውን የሰጠው አካል ነው መልስ ያለበት።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት ድንጋይ መንቀልና መጫኑ ዛሬውኑ ይቁም። ሌላው ሁሉ በውይይት ሊስተካከል ይችላል። የሄደ ድንጋይ ግን አይመለስም። የተጫነው ካልተሰበረና ካልተሸጠ ወደ ቦታው እንዲመለስ ትእዛዝ ስጡ።

ቦታው የተሰጠበት ውሳኔ፣ ካርታውና የተጽዕኖ ግምገማው ግልባጭ ይሰጠን፤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ። ግምገማ ካልተሠራ፣ እስኪሠራ ድረስ ግንባታው ይታገድ።

የእግር መንገዱ፣ የከብት መጠጫውና የፊላው ረግረግ ይከፈት። ይህ ጥናት አያስፈልገውም። አጥሩን ማንሳት ብቻ ነው።

የውኃው ዳር ድንበሩ ይከለል። የውኃ ሀብት አያያዝ አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካል ዳርቻ እንዲከለልና በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቁረጥና ቤት መሥራት እንዲከለከል መንገድ ከፍቷል። ሕጉ ካለ ከዘመናት በኋላ ሐይቅ ዳር ላይ ችካሉን የሚተክለው ለምን ገንቢው ብቻ ይሆናል? ክለላው ሲሠራ ዓሣ አጥማጆች፣ የገዳሙ አባቶችና የመስጊዱ ሽማግሌዎች አብረው ይቁሙ። ውኃው በዝናብ የት እንደሚደርስ፣ በበጋ የት እንደሚሸሽ እነሱ ያውቃሉ።

ድንጋያማው ዳርቻ፣ ዋርካውና የፊላ ታንኳ ሙያው በቅርስነት እንዲጠኑና እንዲመዘገቡ እንጠይቃለን። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። የታሪክ፣ የባዮሎጂና የቅርስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይምጡ። ማደሪያና ታንኳ ከእኛ ነው። ትውፊቱን የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት እያሉ ድምፃቸው ይቀዳ። ይህን ለነገ ማሳደር አይቻልም፤ በዚህ ዓመት ብቻ ከሚያውቁት ቀብረናል።

በመጨረሻም ስብሰባ ጥሩልን። አዳራሽ ውስጥ አይሁን። እዚያው ዳርቻው ላይ፣ ዋርካው ሥር ይሁን። ቡናውን እናፈላለን፤ ዓሣውንም እንጠብሳለን። የጀመሩትን ጥያቄ ያልጨረሱት አዛውንት በቅድሚያ ይናገሩ። ከስብሰባው በኋላ የተወሰነው ነገር በጽሑፍ፣ በማኅተም ይሰጠን።

መልሳችሁን እስከ መጪው ወር መጨረሻ እንጠብቃለን። ካላገኘን አቤቱታችንን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንደምናቀርብ ከወዲሁ በአክብሮት እናሳውቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሐይቅ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች፣ ታንኳ ቀዛፊዎችና የአካባቢ አስጎብኚዎች
በጸሐፊያቸው በኩል
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ

ግልባጭ፦
ለገዳሙ አባቶች
ለአካባቢው መስጊድ ሽማግሌዎች
ለቀበሌው ነዋሪዎች በሙሉ
ቦታውን ለተረከበው ባለሀብት